በካፖርቱ ገበር ውስጥ የተሰፋው ኪስ

ሰፈሩ የሚያውቃት እማማ ዚፕ በሚል ስም ነው። እናት አባቷ ባወጡላት ስም ከባሏ በቀር የሚጠራት አልነበረም፤ እሱ ከሞተ ወዲህማ ስሙ ጠሪ አጥቶ ቀርቷል። እማማ ዚፕ ያሏት ልጆች ናቸው። የደብተር ቦርሳ ዚፕ ሲነክስ፣ የጃኬት ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ አልሄድም ብሎ ሲቆም፣ የሱሪ ዚፕ ሰው በተሰበሰበበት ባለቤቱን ሲከዳ፣ መሮጫው ወደሷ ነው። ጥርሱን በሻማ ታሸዋለች፣ ጫፉን በፒንሳ ጠበቅ ታደርገዋለች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ሞከር ሞከር አድርጋ "በል ሂድ፣ ሁለተኛ እንደ በር እንዳትበረግደው" ብላ ትሸኛለች።

የምትኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍሎች ነው። የፊተኛው ሥራ ቤቷ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቹ የረሷቸው ሱሪዎች ተሰቅለዋል። የኋለኛው መኝታ ቤት ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አለቀ።

ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፣ ዕድሜ ልኩን የሌሊት ተረኛ። እሱ ጠዋት ገብቶ ሲተኛ እሷ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እሷ ሥራ ጨርሳ ስትነሳ እሱ ጫማውን ያስራል። እንቅልፉን ላለመረበሽ ፔዳሉን በጣቷ ጫፍ መርገጥ ለመደች። ሲያንኮራፋ ትሰፋለች፣ ማንኮራፋቱን ሲያቆም ታቆማለች። ጎረቤቶች "እናንተ እኮ በአንድ አልጋ በፈረቃ ነው የምትተኙት" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለቱም አብረው ይስቁ ነበር እንጂ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ልጅ አልወለዱም። ብዙ ዓመት አብረው ኖረው፣ ቁጭ ብለው እስኪበቃቸው ማውራት ግን አልደረሳቸውም። ጡረታ የወጣ ዕለት ጫማውን አውልቆ አልጋው ሥር ወረወረና "እንግዲህ መጋባታችን ገና አሁን ነው" አላት። ብዙም አልቆዩበትም። ሳንባው ታመመ፤ ሳሉ ከክረምቱ ጋር መጣና ከክረምቱ ጋር ይዞት ሄደ።

ልብሱን ለሰው ሰጠች። የዘበኝነት ካፖርቱን ለመስጠት ግን እጇ እምቢ አላት። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ክርኑ የነጣ ካፖርት ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ የምትተክል፣ ጠርዝ የምታጥፍ ሴት ያንን ካፖርት አንድ ቀን እንኳ ሰፍታው አታውቅም፤ ባሏ "ጨለማ ለጨለማ ነው የምለብሰው፣ ማን ሊያየኝ?" እያለ ከልክሏት ነበር። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ተወችው። አልፎ አልፎ በሩን ከፈት አድርጋ ሽታውን ትስባለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ከዚያ አልፋ ነክታው አታውቅም።

ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ ቤቱ ዝም አለ። እንደ ፈለገች ፔዳሉን መርገጥ ብትችልም እግሯ እምቢ አለ፤ ሰው የተኛ ይመስል በጣቷ ጫፍ መርገጧን ቀጠለች።

ዝምታውን የሰበረችው ዳቦ ቤት የምትሠራ ጎረቤቷ ናት። ሴትዮዋ አንድ ቀን የተቀደደ ቦርሳና ጥርሷ የወለቀ ልጅ ይዛ መጣችና "እማማ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እስክመጣ ድረስ እርስዎ ጋ ብትቀመጥ ያስቸግራል?" አለቻት። ልጅቷን ሁሉም ወላቃ ነው የሚላት፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች፣ የማታውቀው ሰው ፊት እንኳ ከንፈሯን ገልብጣ ክፍተቱን ታሳያለች። ወላቃ በመጣች በሳምንቱ አንዲት የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሁለት እህትማማች ልጆቿን፣ ትልቋንና ትንሿን፣ አመጣች። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞላ። ጠረጴዛው ሥር በጠመኔ ቤት ተሣለ፣ ቁራጭ ጨርቅ የአሻንጉሊት ቀሚስ ሆነ፣ "እማማ ዚፕ፣ ገፋችኝ!" የሚል አቤቱታ ከሰዓቱን ሙሉ አይቋረጥም። እሷም ጥንቃቄዋ ለጉድ ነበር። መቀሱን ከፍ አድርጋ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፣ መርፌዎቹን ክዳኑ ጠበቅ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች፣ ካውያው ሳይበርድ ልጅ ወዳለበት ክፍል አይገባም። ልጅን ሊጎዳ የሚችል ነገር ሁሉ ከእጃቸው የራቀ መስሏት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ካፊያ ስለነበር ልጆቹ ቤት ውስጥ ድብብቆሽ ያዙ። ትንሿ ግድግዳው ላይ ተደፍታ ትቆጥራለች፣ ስምንትን እየዘለለች። እማማ ዚፕ የሱሪ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ከመኝታ ቤት የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ሰማችና "ልብሶቼን እንዳታበላሹ!" አለች። ወዲያው የወላቃ ድምፅ መጣ፣ በካፖርት የታፈነ ድምፅ።

"እማማ ዚፕ! እዚህ ካፖርት ውስጥ ሽጉጥ አለ! ላምጣው?"

መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ያወቀችው በኋላ ደሙ ሱሪው ላይ ሲታይ ነው። ልትጮህ አፏን ከፈተችና ጩኸቷን ዋጠችው። ብትጮህ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ብትደነግጥ ደግሞ የያዘችውን ትጨብጣለች።

"ተዪው የኔ ልጅ" አለች፣ በተቻላት መጠን ቀስ ብላ። "እጅሽን አውጪና ባዶ እጅሽን ወደኔ ነይ።"

ወላቃ ፀጉሯ ላይ የካፖርቱን ብናኝ ይዛ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ብቅ አለች። "እውነተኛ ነው? ከባድ ነው እኮ!"

እማማ ዚፕ ከመኪናዋ ተነሳች። ሦስቱንም እንደ ጫጩት ሰብስባ አስወጣቻቸው፤ ግቢው በር አጠገብ ካለው መጠለያ ሥር የልብስ ቁልፎች የሞሉበትን ቆርቆሮዋን ሰጥታ "በየቀለሙ ለዩልኝ" አለቻቸው። ተመልሳ የመኝታ ቤቱን በር ቆለፈችና የበሩን ቁልፍ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ካፖርቱን ሄዳ አላየችም፣ አልነካችም። ስልኳን አንስታ ከባሏ ጋር አንድ መጋዘን ሲጠብቅ ለኖረው ዘበኛ ደወለች። ይህ ሰውዬ ሲጨንቀው ስለሚያፏጭ ስሙ ፉጨት ነው።

ፉጨት እያፏጨ መጣ። ካፖርቱን ከነመስቀያው አውርዶ አልጋው ላይ አጋደመው፣ ልጆቹ ካሉበት በተቃራኒ ወዳለው የድንጋይ ግድግዳ አዞረው፣ ከዚያ ሽጉጡን በሁለት ጣቱ ሳበው። የጥይት መያዣውን አወጣ። ቀጥሎ የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሲጎትተው አንዲት ጥይት ብርድ ልብሱ ላይ ጠብ አለች።

ፉጨቱ ቆመ።

"ጥይት ጎርሶ ነበር" አለ። "በይ እግዜር ይመስገን በይ።"

እሷ ግን የምታየው ካፖርቱን ነበር። ገበሩ ውስጥ አንድ ኪስ አለ፤ ቡናማ ካፖርት ላይ በጥቁር ክር፣ ወዲያና ወዲህ በተወላገደ፣ አንዳንዱ ረጅም አንዳንዱ አጭር በሆነ ስፌት የተያዘ ኪስ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማይችል ሰው፣ የሰፊ ባል ሆኖ፣ ተደብቆ ሲሰፋ ታያት።

"መሣሪያውን ለመሥሪያ ቤቱ መልሻለሁ ብሎኝ ነበር።"

"የመሥሪያ ቤቱንማ መልሷል። ይሄ የራሱ ነው።" ፉጨት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "አንድ ሌሊት ሌቦች ገብተውበት ነበር። በግንባሩ ጭቃ ላይ አስተኝተው፣ አንዱ ጀርባው ላይ ቆሞ ሲጋራ ሲያጨስ ነው ያነጋው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰው አልሆነም፣ እህቴ። ድመት ብትዘል ይበረግጋል። ይሄን ከየትም ፈልጎ ገዛ።"

ያንን ጠዋት ታስታውሰዋለች። ካፖርቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና "አዳለጠኝ" አላት። እሷም "እንደ ሕፃን ትወድቃለህ?" ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

"ለምን አልነገረኝም?"

"ምን ብሎ? ፈራሁ ብሎ?"

ሰውየው በዚያው አልጋ ላይ፣ ከመኪናዋ አንድ ግድግዳ አልፎ፣ ፍርሃቱን ታቅፎ ስንት ዓመት ተኝቷል። እሷ ሲያንኮራፋ ሰላም ያለው መስሏት ትሰፋ ነበር።

ፉጨት ጥይቶቹን መሐረብ ውስጥ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። "ባዶውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ላድርግልሽ። እዚያ ልጅ አይደርስበትም።"

"ወንበር እያለ?"

"እሺ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እናስረክባለን።" ተነስቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። "ግን ስሚኝ። ለእናቶቹ እንዳትነግሪ። ምንም አልሆነም፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። ከነገርሽ ነገ ልጅ የሚያመጣልሽ የለም። ብቻሽን ነው የምትቀሪው።"

ይህንን እሷም አጥታው አልነበረም። እናቶቹ እስኪመጡ ድረስ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ በመስኮቱ ልጆቹን አየች። ቁልፎቹን ለይተው ጨርሰው አሁን ገበያ ከፍተዋል፤ ትንሿ ሻጭ ናት፣ ትቆጣለች። ዝም ብትል ነገም ይመጣሉ። ማንም አያውቅም፤ ወላቃም የልጅ ወሬ አወራች ይባላል። ለአፍታ ያህል ዝም ልትል ወሰነች፤ እውነቱ ይሄ ነው። ግን የመድኃኒት ቤቷ ሴት ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ አፏ ቀድሟት ተናገረ።

"ዛሬ ቤቴ ውስጥ የጎረሰ ሽጉጥ ተገኘ። የባሌ ነው። እኔ አላውቅም ነበር፤ ያገኙት ልጆቹ ናቸው።"

"የኔ ልጆች ነክተውታል?"

"የእርስዎ አልነኩም።"

ሴትዮዋ ልጆቿን ጠራችና ጎንበስ ብላ ጫማ ታደርግላቸው ጀመር፤ የትንሿን የቀኙን በግራ እግሯ አጠለቀችው፣ አወለቀችው፣ መልሳ እንደዚያው አደረገችው። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል። ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ጃንጥላዋን ረስታው ሄደች፤ በማግስቱ ሰው ልካ አስወሰደችው።

የዳቦ ቤቷ ሴት ቅንድቧ ላይ ዱቄት ይዛ መጣች። ለእሷም ወላቃ እንደነካችው ጭምር ነገረቻት። የልጇን እጆች አንስታ አገላብጣ አየቻቸው፣ ከዚያ እንደ እብድ አሸተተቻቸው።

"የቱ ጋ ነው የነካሽው?"

"ጭራውን" አለች ወላቃ።

እናትየው አልሳቀችም። ልጅቷን፣ ያን ሁሉ ያደገች ልጅ፣ አንስታ አዘለቻትና ሄደች።

በማግስቱ ፉጨትና እማማ ዚፕ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ሽጉጡ ለብቻ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥይቱ ለብቻ። የተቀበለቻቸው ወጣት ፖሊስ "እናቴ፣ ብዙ ጊዜ መሣሪያ የሚመጣልን እንዲህ በፈቃድ ሳይሆን ሰው ከሞተበት በኋላ ነው" አለቻት። ከዚያ ለማጣራት ያህል "ይህን ሁሉ ጊዜ ቤትዎ ሲኖር አላወቁም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ባሌንም አላወቅኩትም፣ ልጄ" አለች እማማ ዚፕ። ፖሊሷ ወንበር አቀረበችላት።

ቤቷ ተመልሳ ያለውን ሁሉ ፈተሸች። ፍራሹን ገለበጠች፣ የየልብሱን ጠርዝና ገበር በጣቷ እየዳበሰች አለፈች። አልጋው ሥር በነበረው የመፍቻ ሣጥን ውስጥ፣ አንድ ካልሲ ውስጥ የታሰሩ ጥይቶች አገኘች። እነሱንም ፉጨት መጥቶ አብረው ወስደው አስረከቡ። ከእንግዲህ ቤቱ ንጹሕ ነው። ንጹሕ፣ ባዶም።

ልጅ አልመጣም። ወሬውም ብቻውን መንገድ ወጣ፤ ከግቢው ሲነሳ ሽጉጥ የነበረው፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ሲደርስ ቦምብ ሆኗል። ዚፕ የተበላሸባቸው ሰዎች ልጅ መላክ ትተው ራሳቸው ይመጣሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ይሰጣሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ይቀበላሉ፤ "ግቡ" ስትላቸው "እቸኩላለሁ" ይላሉ። ምሳ ስትሠራ እጇ ለብዙ ሰው መስፈሩን አልተወም፤ የተረፈውን ማታ ትበላዋለች፣ ነገም ትበላዋለች። የወደቀ መርፌ ለማንሳት ጎንበስ ስትል ጠረጴዛው ሥር በጠመኔ የተሣለው ቤት ይታያታል፤ መስኮቱ ከበሩ ይበልጣል። ወለሉን ስትወለውል ያንን ቦታ ትዘለዋለች። ሥራ በማይኖር ቀን ጨርቅ ሳታስገባ መኪናዋን ትረግጣለች፣ ለድምፁ ብላ። አንድ ቀን እንዲህ ስትረግጥ፣ የምትረግጠው በሙሉ እግሯ እንደሆነ ልብ አለች፤ የሚነቃ ሰው እንደሌለ እግሯ አሁን ገና ገብቶታል።

ካፖርቱን ያወረደችው በዚያ ሰሞን ነው። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ በምላጭ ጫፍ፣ የኪሱን ስፌት ፈታችው። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ዘገየችበት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ክሩ ሦስቴ አራቴ ተደራርቦ ተቋጥሯል፤ አልያዝ ብሎት ሲታገል። "ጥራኝ እንጂ" አለችው፣ እንዳለ ሁሉ ጮክ ብላ። "ኪስ መስፋት ለኔ ምን አላት? ትቆጣኛለች ብለህ ነው? እቆጣህ ነበር። ከዚያ ግን አጠገብህ እቀመጥ ነበር።" እንባዋ መጣ፣ ተወችው ይውረድ። ገበሩን በአዲስ ጨርቅ ቀየረች፣ ክርኑን ደረበች፣ ካፖርቱን ለፉጨት ሰጠችው። ፉጨት ለበሰውና ትከሻው ላይ ሰፋው። "እሱ ትልቅ ሰው ነበር" አለ። ትከሻውን ልታጠብብለት ብትልም እምቢ ብሎ እንደዚያው ለብሶት ሄደ።

ሰንበትበት ካለ በኋላ አንድ ቀን የዳቦ ቤቷ ሴት በሩ ላይ ቆመች። ብቻዋን ነች፣ እጇም ባዶ ነው።

"ዚፕ ነው?" አለች እማማ ዚፕ።

"አይደለም። እኛም ቤት አለ።" ገብታ ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች። ባሏ የባንክ ገንዘብ የሚጭን መኪና አጃቢ ነው። "ያን ቀን ሳዝላት በጆሮዬ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? 'የአባዬ ከዚያኛው ያንሳል' አለችኝ። እኛ ደብቀናል ብለን ነው እኮ የምንኖረው። ለምን እንዳልፈራች የገባኝ ያኔ ነው፤ ለምዳዋለች። እርስዎን ሸሽቼ ልጄን ወደባሰው ቤት ወሰድኳት። ለባሌ ስነግረው ይቆጣል። እርስዎ ቢነግሩት ይሰማ ይሆን?"

እማማ ዚፕ በሰውየው የዕረፍት ቀን ቤታቸው ሄደች። ሻይ ቀረበላት። አጃቢው ትህትና ያለው ሰው ነው፤ ግን ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተቋጠረ።

"እማማ፣ አክብሬዎት ነው የምሰማዎት። ግን ሌባ ሲገባ ቁልፍ ስፈልግ ልሙት?"

"እኔ ስለ መሣሪያ አላውቅም፣ ልጄ። ባሌም እንደአንተ ሌባ ፈርቶ ነው ያስቀመጠው፤ ሌባው ተመልሶ አልመጣም፣ ያገኘችው ልጅህ ናት። እኔ የማውቀው ቦርሳና ኪስ ነው። የልጅ እጅ የማይገባበት ኪስ እስካሁን አላጋጠመኝም።"

"የኔ ልጅ ሽጉጤን የት እንደማስቀምጥ አታውቅም።"

"ጠይቃታ።"

ወላቃ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የካርቶን መኪና እየነዳች ነበር። አባቷ እንደ ዋዛ "የአባዬ ሽጉጥ የት ነው?" አላት።

"ማታ ትራስህ ሥር" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። "ጠዋት ስትታጠብ ፍሪጁ ላይ። ቅዳሜ ደግሞ የእማዬ ሻርፕ ውስጥ።" መኪናዋን ነድታ በመሃላቸው አለፈች።

ሰውየው ሻዩን አስቀመጠ። በሳምንቱ አንድ በያጅ ወፍራም የብረት ሣጥን ሠርቶለት ግድግዳው ላይ በብሎን አሠረለት፤ ሽጉጡ ባዶውን እዚያ ይገባል፣ ቁልፉ ከሰውየው ቀበቶ አይለይም። ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የት እንደሆነ ለሚስቱ እንጂ ለማንም አልተናገረም። ወላቃ እየደጋገመች ብትጠይቅም አልተነገራትም፤ አኮረፈች።

ወላቃ ወደ እማማ ዚፕ ቤት ተመለሰች። ብቻዋን ድብብቆሽ ስለማይሆንላት ጠረጴዛው ሥር ሌላ ቤት ሣለች። ነገር ግን አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር የትምህርት ቤቱ ሰዓት ወደ ሙሉ ቀን ተቀየረና መምጣቷ የቅዳሜ ብቻ ሆነ፣ እሱም ሁሌ አይደለም። ሌላ ጥርሷም ወልቆ የፊተኛው በቅሏል።

እህትማማቾቹ አልተመለሱም። አንድ ቀን እማማ ዚፕ የሳል መድኃኒት ልትገዛ ገብታ ትንሿን ከእናቷ ወንበር ጀርባ አየቻት። ልጅቷ እጇን አውለበለበች። እናትየው መልሱን ቆጥራ ሰጠቻት፣ "እግዚአብሔር ይማርዎት" አለቻት፣ ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። እማማ ዚፕ አልተቀየመቻትም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያ ዝቅ ያለ እጅ ከፊቷ አልጠፋም።

ዘንድሮ ግቢው ውስጥ አዲስ ተከራዮች ገቡ፤ ወጣት ባልና ሚስት፣ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ያላቸው። ዕቃቸውን ሳያራግፉ እማማ ዚፕ በማሰሮ ውሃ ይዛላቸው ሄደች። ዕቃ ሲወጣ ሲወርድ ቆማ አየችና አላስቻላትም።

"አትቀየሙኝ፤ ቤታችሁ ውስጥ መሣሪያ አለ?"

ወጣቱ ሳቀ። "የለም፣ እናቴ። ምነው፣ ሰፈሩ ያስፈራል እንዴ?"

"ሰፈሩ ደህና ነው። እኔ ቤት ነበር።" ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ራሷ ነገረቻቸው፤ ካፖርቱን፣ ልጆቹን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ አንዱንም ሳትደብቅ። "አሁን የለም። ቤቴን ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ቁም ሳጥኑንም ከፍታችሁ። ልጁን የሚይዝላችሁ ሰው ስትፈልጉ፣ አለሁ።"

ሚስትየው ሕፃኑን ከጎኗ ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችው። "እናስብበታለን፣ እማማ" አለች። ክፉ ድምፅ አልነበረም፤ ደግ ድምፅም አልነበረም።

እማማ ዚፕ "አስቡበት" ብላ ባዶ ማሰሮዋን ይዛ ተመለሰች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። መኪናዋ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይጠብቃታል፤ ዚፑ ጥርሱን ነክሶ መሃል ላይ ቆሟል። ሻማዋን አነሳችና ማሸት ጀመረች።